በጠረጴዛ ላይ የተሰለፈ ሠራዊት

አማርኛ «ጨዋታ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይገልጣል፤ ልጆች ሜዳ ላይ የሚያደርጉትንም፣ አዋቂዎች እሳት ዳር ተቀምጠው የሚያወጉትንም። «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ንጉሥና ፈረስ የሚፋለሙበት የጥንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ነው፤ ቁጥር በመስመርና በአምድ የሚደረደርበት የመሥሪያ ቤት ወረቀትም ሰንጠረዥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእነዚህ ቃላት መካከል የቆመ ነው። ይኸውም ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ወታደሮችን ቀለም ቀብቶ፣ በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ በሕግና በስሌት ማዋጋት ነው።

ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው የልጅ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከልጆች ክፍል ብቻ የወጣ አይደለም፤ ከነገሥታት ቤተ መንግሥትና ከጦር አዛዦች ጽሕፈት ቤትም ያለፈ ነው። ታሪኩን ስንመረምርም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል፤ ጦርነት አንሶ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከእውነቱ የሚቀረው ምንድን ነው? ተቀንሶ የሚጣለውስ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰንጠረዥ ወደ ሰንጠረዥ

በአገራችን የቀድሞ ሰንጠረዥ ጨዋታ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። አባቶቻችን ጦርነት ተራ እንደማይጠብቅ ያውቁ ነበርና ጨዋታቸውም ይህን አልሸሸገም።

በአውሮፓም ሰዎች የሰንጠረዥን ጨዋታ ወደ እውነተኛው ጦርነት ለማስጠጋት የተነሡት ከዚህ በማይርቅ ስሜት ነው። ዮሐን ክርስቲያን ሉድቪግ ሄልቪግ የተባለ የብራውንሽቫይግ መምህር በ1780 ዓ.ም. ባሳተመው ጨዋታ ገበታውን እጅግ አሰፋው፤ ካሬዎቹንም እንደ ተራራ፣ እንደ ወንዝና እንደ ረግረግ በቀለም ለያቸው። በ1812 ዓ.ም. ደግሞ ጌኦርግ ሌዎፖልድ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ ሹም ካሬውን ጨርሶ ትቶ፣ መሬቱ ራሱ ቅርጽ ወጥቶለት የሚገጣጠምበት ትልቅ ጠረጴዛ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ አበረከተ።

ሥራውን ለፍጻሜ ያደረሰው ግን የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ነው። ልጅየው በ1824 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ጠረጴዛውን በካርታ ተካው። ካርታው 1 ለ8,000 የተሣለ ነበር፤ እያንዳንዱ ዙር በጦር ሜዳ ላይ ሁለት ደቂቃን ይወክላል። ጠብመንጃና መድፍ በየርቀቱ ስንት ሰው እንደሚጥል በቁጥር ሰንጠረዥ ተዘርዝሯል፤ ዕድልም በዳይስ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ግን ዳኛው ነው። ሁለቱ አዛዦች ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ እሱም ለእያንዳንዳቸው በሜዳው ላይ ቢሆኑ ሊያዩ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይገልጥላቸዋል። «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይብሳል» የሚለውን ብሂላችንን ራይስቪትስ ባይሰማውም በሕግ አስፍሮታል ማለት ይቻላል። በጦር ሜዳ ሰው የሚሸነፈው ባላየው፣ ወይም ተሳስቶ ባየው ነገር ነውና።

የፕሩስያ ጦር ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን ቸል ብሎ ማየት ጀምሮ፣ በመጨረሻ ይህ የጦርነት ትምህርት ቤት ነው ወደሚል አድናቆት ተሸጋገረ፤ ለመላው ሠራዊትም እንዲዳረስ አሳሰበ። ወጣቱ ራይስቪትስ ግን የድካሙን ፍሬ ሳያይ በ1827 ዓ.ም. የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ፕሩስያ በ1866 ኦስትሪያን፣ በ1870 እና 71 ደግሞ ፈረንሳይን ስትረታ የሌሎች አገሮች ጦር አካዳሚዎች «ክሪግስሽፒል»ን፣ ማለትም የጦርነት ጨዋታን፣ እየተሻሙ ቀዱ።

ከጠረጴዛ ላይ የተነሡት

የራይስቪትስ ጨዋታ ያልተደረገ ጦርነትን ያሰላ ነበር። የተደረገውን ጦርነት በጥቃቅን ወታደሮች ለመቅረጽ የተነሣ ሰው ግን ሌላ ፈተና ገጠመው። እንግሊዛዊው መኮንን ዊልያም ሲቦርን በ1830 ዓ.ም. የዋተርሉን ውጊያ አምሳል እንዲሠራ ታዘዘ። ወደ ቤልጅግ ሄዶ ወራት ፈጅቶ መሬቱን ለካ፤ ከውጊያው በሕይወት ለተረፉ መኮንኖችም በዚያ ቀን ወደ ማታ 1 ሰዓት ግድም የት እንደ ነበሩና ምን እንዳዩ እየጠየቀ ደብዳቤ ላከ። ከዚህ ሁሉ ምስክርነት ከ70,000 በላይ ጥቃቅን ወታደሮች የተሰለፉበት አምሳል ተሠራ፤ በ1838 ዓ.ም. በለንደን ለሕዝብ ታየ።

ችግሩ የመጣው ከቁጥሩ ነው። በሲቦርን ጠረጴዛ ላይ የእንግሊዝ አጋር የነበሩት ፕሩስያውያን በዚያች ሰዓት በብዛት ወደ ሜዳው ገብተው ይታያሉ። የውጊያው አዛዥ የዌሊንግተን መስፍን ግን ይህ ለድሉ የተሳሳተ ትርጉም ይሰጣል ብለው ተቃወሙ። መንግሥት ገንዘቡን አስቀድሞ አቋርጦበት ስለ ነበር ሲቦርን በዕዳ ተይዟል፤ የወዳጅ ድጋፍም ይሻል። በመጨረሻ የብዙ ሺህ ፕሩስያውያንን ቅርጽ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። አምሳሉ ዛሬም በለንደን በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይታያል። የተነሡት ግን አይታዩም።

ታሪክን በመጽሐፍ ማጉደል የተለመደ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። በጠረጴዛ ላይ የጎደለ ሠራዊት ግን ለተመልካቹ ከቶ ያልነበረ ነው።

የዌልስ ትንንሽ ጦርነቶች

ኑረምበርግ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ወታደሮችን ለአውሮፓ ልጆች ታቀርብ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ የዊልያም ብሪተን ኩባንያ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የእርሳስ ወታደሮችን በርካሽ ማምረት ቻለ። ዊንስተን ቸርችል በልጅነታቸው 1,500 የሚደርሱ አሻንጉሊት ወታደሮች እንደ ነበሯቸው፣ አባታቸውም ሰልፉን አይተው ውትድርና ትወዳለህን ብለው እንደ ጠየቋቸው በ1930 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ለቸርችል የእርሳሱ ሠራዊት ወደ እውነተኛው ሠራዊት የሚወስድ በር ሆነ።

ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በዚያው አሻንጉሊት ሌላ በር ከፈተ። በ1913 ዓ.ም. «ትንንሽ ጦርነቶች» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ ከወዳጆቹ ጋር ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚጫወተውን ጨዋታ ሕግ አስቀመጠ። ጥይት የሚተኩስ ባለ ምንጭ አሻንጉሊት መድፍ ነበረው፤ በጥይቱ የወደቀ ወታደር ሞተ ይባላል። መጽሐፉ ሣቅ የሞላበት ቢሆንም መደምደሚያው ብርቱ ነው። ዌልስ እንዲህ ሲል ይሟገታል፦ ይህን ጨዋታ ጥቂት ጊዜ የተጫወተ ሰው ታላቁ ጦርነት ምን ያህል ስሕተት የሞላበት ነገር እንደሆነ ይገነዘባል፤ ጦርነት የሚያምራቸው ገዥዎች ካሉ የእርሳስ ወታደር ተሰጥቷቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ይዋጉ፤ ሌላው ሕዝብ በሰላም ይኑር።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1914 ዓ.ም.፣ አውሮፓ በሙሉ ነደደ። የመጽሐፉ ተጨማሪ ክፍል እንደሚገልጸው፣ አንዳንድ የጦር መኮንኖች ለዌልስ ጨዋታ ጉጉት ያሳዩት ሰላምን ስለሰበከ አልነበረም፤ ሕጉ ለሥልጠና ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ነበር እንጂ። አንድ ሳጥን ወታደር ለአንዱ የጦርነት መግቢያ፣ ለሌላው የጦርነት መገሠጫ ይሆናል ማለት ነው።

አልቃሽ የሌለው ጠላት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጨዋታውን ለሕዝብ ያዳረሱት ሰዎች ከእውነተኛው ጦርነት የተመለሱ ነበሩ። በታንከኛነት ያገለገለው ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን ወደዚህ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አስገባ። በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ባወጡት የመካከለኛው ዘመን ውጊያ ሕግ መጨረሻ ላይ ዘንዶና ጠንቋይ የሚገቡበት ክፍል ተጨመረ። ከዚያ ክፍል በ1974 ዓ.ም. «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተወለደ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ «ዋርሃመር» ተከተለ። የዋርሃመር ባለቤት የሆነው ጌምስ ወርክሾፕ በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከመቶዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል። አሻንጉሊት ወታደር ቀላል ንግድ አይደለም።

ምናባዊው ሠራዊት ለምን ይህን ያህል ተወደደ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ቀሊልነቱ ይመስለኛል። «ኦርክ» የሚባለው አስቀያሚ ፍጡር በሺህ ቢወድቅ አልቃሽ የለውም፤ የልጅ ልጁ መጥቶ አያቴን አዋረዳችሁ ብሎ አይከስም። በታሪካዊው ሠራዊት ግን እያንዳንዱ ቅርጽ ወገን አለው።

ቀለም ቀቢው ይህን ከማንም ይልቅ ቀርቦ ያየዋል። ቅርጹን መጀመሪያ በጥቁር ወይም በነጭ መደብ ይቀባል፤ ልብሱንና ቆዳውን በስሱ ያለብሳል፤ ከዚያ ውሃ የበዛበት ጥቁር ቀለም ያፈስበታል፤ ቀለሙ በየእጥፋቱ ሰርጎ ጥላ ይሆናል። ቀጥሎ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ በደረቅ ብሩሽ ያበራዋል። በመጨረሻ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዓይኖቹን ይነጥባል። ዓይን ሲገባበት የእርሳሱ ቁራጭ ሰው ይመስላል፤ የራስ ወገን ቢሆንም፣ የጠላት ወገን ቢሆንም።

ዓድዋ በ28 ሚሊሜትር

ዛሬ የዓድዋን ጦርነት በዚህ መንገድ የሚጫወቱ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ አሉ። ጎራዴና ጋሻ የያዘው፣ ጠብመንጃ የታጠቀው የኢትዮጵያ ወታደር፣ ባርኔጣ ያደረገው ጣሊያናዊ፣ ቀይ ተርቡሽ የደፋው አስካሪ፣ ሁሉም ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ግድም ሆኖ ይሸጣሉ። ሾን ማክላክላን በ2011 ዓ.ም. በኦስፕሬይ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ስለ ዓድዋ ሠራዊቶች የሚናገረው ሥዕላዊ መጽሐፍም ለቀለም ቀቢዎቹ መመሪያ ሆኗል። የአስካሪው የወገብ መቀነት ቀለም እንደየሻለቃው ይለያይ እንደ ነበር ከእኛ ይልቅ አንድ የኖቲንግሃም ተጫዋች ያውቀው ይሆናል።

ታዲያ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ይጎድላል? መጋቢት 1 ቀን 1896 (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ) ጄኔራል ባራቲዬሪ አራት ብርጌድ በሌሊት ሲያስነሣ በእጁ የነበረው ካርታ ስሕተት ነበረበት። ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ በንድፉ ላይ ከትክክለኛ ቦታው ውጭ ተመልክቷል። ጄኔራል አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ወደ ፊት ነው ባሉት መሠረት ገሠገሠ፤ ብርጌዱም ከሌሎቹ ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ብቻውን ቆመ። ያ ብርጌድ በአብዛኛው የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። ሮም ውስጥ ሆኖ በቴሌግራም ይገፋፋ የነበረው የክሪስፒ መንግሥት ለሠራው ስሕተት የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈሉት የዚህችው ምድር ልጆች ናቸው።

ጥሩ ካርታ የተዘረጋበት ጨዋታ ይህን ስሕተት አያሳይም፤ ተጫዋቹ ተራራውን ከላይ ሆኖ ያየዋልና። ስንቅም አይታይም፤ በዚያ ሳምንት የሁለቱም ወገን እህል እያለቀ ነበር። በጥር ወር እቴጌ ጣይቱ የመቀሌን ምሽግ ውሃ ያስያዙበት ብልሃት፣ በዓድዋ ዕለትም ለተዋጊው ውሃ ያመላለሱት ሴቶች በጎራዴና በመድፍ ስሌት ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከሁሉ የከበደውም ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነው። የተማረኩት አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የጠረጴዛው ጨዋታ የመጨረሻው ዳይስ ሲወረወር ያበቃል፤ የዚህ ክፍለ አካባቢ ሕዝብ ግን ከዚያች ዕለት በኋላ አብሮ መኖር ነበረበት። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህን ስል ጨዋታው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የእኛም ሥዕል ከዚህ ነቀፋ አያመልጥምና። በባህላዊው የአሣሣል ሥርዓታችን ጻድቁና ወዳጁ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ጠላት ግን በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በዓድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሲረዳ፣ ጣሊያኑና ከሱ ጋር የተሰለፈው ወገን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይን ይመለከታሉ። ሥዕሉ ታላቅ ነው፤ ድሉም የእኛ ነው። ነገር ግን ሠዓሊያችን ያልነጠባትን ሁለተኛ ዓይን፣ ባህር ማዶ ያለ ባለ ብሩሽ በጥቃቅኑ አስካሪ ፊት ላይ በግድ መንጠብ አለበት፤ የቅርጹ ፊት ሁለት ዓይን ይዞ ተቀርጿልና።

ራይስቪትስ ሰው የማያየውን ነገር በዳኛው አማካይነት ወደ ጨዋታው አስገባ፤ ሲቦርን ምስክሮቹ ያዩትን አስቀምጦ ኃያላን ሲጫኑት አነሣ፤ ዌልስ ደግሞ ጨዋታው ሊሸከም የማይችለውን በመጨረሻው ገጽ በግልጽ ተናገረ። የጥቃቅኑ ሠራዊት ዋጋ የሚለካው በቀለሙ ጥራት ብቻ አይደለም። የጎደለውን በመቁጠርም ነው። አንድ ቀን በናይሮቢ፣ በአስመራ ወይም በአዲስ አበባ ወጣቶቻችን ዓድዋን በጠረጴዛ ላይ ሊያሰልፉ ቢነሡ፣ ከመድፉና ከፈረሱ አስቀድሞ ውሃ የተሸከመችውን ሴት፣ የተሳሳተውን ካርታና ሁለት ዓይን ያለውን አስካሪ ያስቀምጡ። ያን ጊዜ ጨዋታው በሌላው የአማርኛ ትርጉሙ ጨዋታ ይሆናል፤ ተቀምጠው የሚያወጉት።