የሞተር ክረምት

ከአረካ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በዱቦ፣ የካቶሊክ ሚሲዮኑና ሆስፒታሉ ባሉባት በዚያች ለምለም የወላይታ ቀበሌ፣ እናቶች የተፋቀውን እንሰት በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ቀብረው፣ በላዩም ደግመው ደጋግመው ቅጠል ከደረቡበት በኋላ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ቆጮውን የሚያጠፋው ጊዜ ሳይሆን ሾልኮ የሚገባ ነፋስ መሆኑን ከአያቶቻቸው ተምረዋልና። የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ለክረምት እንዴት እንደሚቀመጥ ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ልቡናዬ የሚመጣው ይህ ጉድጓድ ነው።

በሰሜኑ ዓለም አውሮፕላን ለክረምት የሚቀመጠው በረዶ ስለሚወርድ ነው። የእኛ ክረምት ግን የውኃ ዘመን ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ለይታ፣ ዝናሙንና ደመናውን፣ ዘሩንና ቡቃያውን በየሳምንቱ በማኅሌት ታስባለች። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በዚሁ ዘመን እኩሌታ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያመጣት ፖቴዝ 25 ነበረች። በዚያው ወር መጨረሻ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተላት። እንግዲህ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክ ከመጀመሪያ ቀኑ አንሥቶ ከእርጥበት ጋር የተደረገ ተጋድሎ ነው ብል እውነትን ማጋነን አይመስለኝም።

ባለ ፒስተን ሞተር በመሥራት ብቻ አያረጅም፤ ይልቁንም ያለ ሥራ ሲቆም ይበላሻል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት ይወልዳል፤ ከዚህም እንፋሎት ጥቂቱ በፒስተኖቹ ቀለበት በኩል አልፎ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይደባለቃል፣ ከነዳጁ ቅሪት ጋር ሲዋሐድም አሲድ ይሆናል። ሞተሩ በቆመ ጊዜ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና የሲሊንደሩ ግድግዳና የካም ሻፍቱ ጀርባ ራቁታቸውን ይቀራሉ፤ ዝገትም ማንም ሳያየው ከውስጥ ይጀምራል።

ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ አስቀድሞ ሞተሩን በበረራ ያሞቀዋል፣ አሮጌውን ዘይት በትኩሱ ያፈሳል፣ ዝገት የሚከላከል ዘይትም ይሞላበታል። ከዚያም የላይኛዎቹን ካንዴላዎች ፈትቶ በየሲሊንደሩ ውስጥ ያንኑ ዘይት በጭጋግ መልክ ይረጫል፤ በካንዴላዎቹም ፈንታ ሲሊካ ጄል የሞላባቸውን ውታፎች ያስገባል። የአየር መግቢያውንና የጭሱን መውጫ ይዘጋል፣ እንፋሎት በባዶ ቦታ ጤዛ እንዳይሆን የነዳጁን ታንክ እስከ አፉ ይሞላል። በፕሮፔለሩም ላይ ቀይ ምልክት ያንጠለጥላል፤ አንድ ዙር እንኳ ቢዞር በግድግዳው ላይ የተቀባው ዘይት ይጠረጋልና።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ስሕተት አለ፣ ዝም ብዬ ላልፈውም አልችልም፤ ይኸውም በየሳምንቱ ሞተሩን በቆመበት አስነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው በፍቅር እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዘይቱ እርጥበቱን ለማትነን የሚበቃውን ሙቀት ሳያገኝ ሞተሩ ስለሚጠፋ፣ አዲስ ውኃ ተጨምሮበት ይዘጋል። ሊያድነው የሚችለው የአንድ ሰዓት ያህል እውነተኛ በረራ፣ ካልሆነም ፍጹም ዕረፍት ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት በአገራችን ተሠርታ የበረረችው አውሮፕላን «ፀሐይ» ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበራት፤ ሰባቱ ሲሊንደሮቹም በክብ የተደረደሩ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሞተር ሲቆም ዘይቱ ወደ ታችኛዎቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል፤ ሳይጠረግ ቢነሣ ፒስተኑ ከማይታመቅ ዘይት ጋር ተጋጥሞ ሞተሩ ይጎዳል። «ፀሐይ» ግን በወራሪ እጅ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፣ በዚያ በሙዚየም ስንት ክረምት አሳልፋ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በባለ ፒስተን ሞተር የዳግላስ አውሮፕላኖች ጀመረ። በ1950ዎቹ ዓመታት የሚሲዮን አቪዬሽን ፌሎሽፕ አብራሪዎች በሴስናዎቻቸው ወደ ሩቅ ጣቢያዎች ሲመላለሱ፣ የሣር ማረፊያ በዝናም በጨቀየ ጊዜ መንኰራኩር ስለማይሸከም፣ ሞተርም ሳይወድ መቆሙ የግድ ነበር።

ዝናሙ ሲያባራና አደይ አበባ ሲፈነዳ የተዘጋው ሞተር ይከፈታል። መካኒኩ አስቀድሞ ውታፎቹን ይመለከታል፤ ሲገቡ ሰማያዊ የነበሩት ቅንጣቶች ወደ ሮዝ ተለውጠው እንደ ሆነ እርጥበቱን ጠጥተዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የታችኛዎቹን ካንዴላዎች ፈትቶ ፕሮፔለሩን በእጁ በዝግታ ያዞራል፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የከረመውም ዘይት ጠብ፣ ጠብ እያለ በሥሩ ወደ ተቀመጠው ሳህን ይወርዳል።