የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ፤ ጥንትና ዛሬ

«ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ከተማችን ወንዞች ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ ይህን ምሳሌ ማስታወስ የተገባ መሰለን፤ ስለ ወንዝ ዳርቻ ልማት በየቀኑ ብዙ ሲነገር እየሰማን፤ ወንዞቹ መጀመሪያ ምን ይመስሉ እንደ ነበረና ምን እንዳገኛቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነውና። ስለዚህ የተከበሩ መምህሮቻችን፤ ወላጆቻችንና ተማሪ ጓደኞቻችን ታሪኩን ከመነሻው ከእኛ ጋር እንዲከተሉት በትሕትና እንጠይቃለን።

አዲስ አበባ በሰሜን በኩል የእንጦጦን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ያህል ነው። ወንዞቹን የወለዳቸው ይህ ቁልቁለት ነው። ቀበና፤ ግንፍሌ፤ ቀጨኔ፤ ቁርጡሜና ባንትይቀጡ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረዱና እርስ በርሳቸው እየተቀላቀሉ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ በምዕራብ በኩል ያሉት ደግሞ ትንሹን አቃቂ ይሞላሉ። ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ስለ ሆነ፤ እኛ በግንፍሌ የጣልነው ነገር ከሀገር አይወጣም፤ ታች ላለው ወንድማችን የመስኖና የከብት ውኃ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሥፍራው ፊንፊኔ ይባል በነበረበት ዘመን የዚህ ደጋ ዋነኞቹ ዛፎች ጽድና ወይራ ነበሩ፤ ከፍ ባለው ቦታ ኮሶ፤ በየወንዙ ዳር ደግሞ አኻያ፤ ዶቅማና ሾላ ይበቅላሉ። ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ለዓመት በዓል በቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማና ፊላ ሞልቶ ይታያል። ከእነዚህ ዕፀዋት እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። የአኻያ ሥር የወንዙን ዳር አፈር አቅፎ ይይዛል፤ ቄጠማና ፊላ ደራሹን ጎርፍ አዝግመው ደለሉን ያስቀራሉ፤ የሾላ፤ የወይራና የጽድ ፍሬ ለወፍ ምግብ ይሆናል፤ ወፏም በፈንታዋ ዘሩን ተሸክማ ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። እንዲህ ሆኖ ዛፉ ወፏን ይመግባል፤ ወፏም ዛፉን ትተክላለች።

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ካደረጉ በኋላ፤ በ1879 ዓ. ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው አጠገብ ወዳለው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባን ቈረቈሩ። ቤተ መንግሥት፤ ቤተ ክርስቲያን፤ የመኳንንት እልፍኝና የሠራዊት ጎጆ ሁሉ በእንጨት ይሠራ ነበር፤ ምድጃውም የሚነደው በእንጨት ነበር። በዚህ ምክንያት ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በዙሪያው ያለው ጫካ ተመናመነ። የማገዶው እጥረት እጅግ ስለ በረታ፤ በዚያው በምኒልክ ዘመን መናገሻውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር።

ከተማይቱን በቦታዋ ያቆማት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት ገብቶ ከተተከለ በኋላ በፍጥነት አደገ፤ ቢቈርጡት ከጉቶው ደጋግሞ ያቈጠቍጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ስለዚህ ለቤት ሠሪውም ለማገዶ ሻጩም ትልቅ በረከት ሆነ። ስለ ባሕር ዛፍ ክፉ ብቻ የሚናገር ሰው ይህን ውለታ መርሳት አይገባውም።

ነገር ግን በረከቱ ዋጋ ነበረው። ባሕር ዛፍ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አያበቅልም፤ ስለዚህ የክረምት ዝናብ ባዶውን መሬት እያጠበ አፈሩን ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ጕዳቱም የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1905 ዓ. ም. ገደማ ምንጭና ጕድጓድ እያደረቀ ነው ተብሎ ከባሕር ዛፉ አብዛኛው እንዲነቀል ዐዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ ያለ እርሱ የሚያነደው ስላልነበረው ዐዋጁ አልተፈጸመም። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ለሰው ኑሮ ምትክ ሳይዘጋጅ የወጣ ትእዛዝ፤ ዓላማው ቢያምርም እንኳ፤ በወረቀት ላይ እንደሚቀር ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ ሰፋች። ፋብሪካው ለውኃ ሲል በወንዝ ዳር ተተከለ፤ መሬት ያጣው ድኻም በገደሉ አፋፍ ጎጆውን ቀለሰ። የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እጣቢ፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የየቤቱ ጥራጊ ወደ ወንዙ ወረደ። በዚሁ ውኃ በአቃቂ ዳርቻ ሰላጣና ጎመን ስለሚለማ፤ የጣልነው ነገር ዞሮ በገበታችን ላይ ይቀርባል።

እንግዲህ የጠፋውን የመመለስ ሥራ እንዴት ተጀመረ? በሀገራችን አሳቡ ጥንታዊ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ. ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ የመናገሻ ሱባ ደንም እስከ ዛሬ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖርበታል። በየደብሩ ቅጥር ግቢ የተጠበቁት ጽድና ወይራም ሌላው ጫካ ሲጨፈጨፍ ለዘር ተርፈውልናል።

በእኛ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1987 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በእንጦጦ 1,300 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ያዘ። ቀጥሎም በከተማው ሰሜን ምዕራብ የጉለሌ ዕፀዋት ማእከል በ705 ሄክታር ላይ ተቋቋመ። የወንዞቹ ምንጭ በተራራው ስለ ሆነ፤ ይህ ሥራ ከወንዙ ራስ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ. ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ የማስዋብ ዕቅድ ታወጀ፤ በ2013 ዓ. ም. መባቻም የእንጦጦና የወዳጅነት መናፈሻዎች ለሕዝብ ተከፈቱ።

እዚህ ላይ ግን ማስዋብና መመለስ አንድ አለመሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። የደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ ሴኡል ከ1950 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በሲሚንቶ የተሸፈነውን የቾንግጌቾን ወንዝ፤ በላዩ የተሠራውን መንገድ አፍርሳ በ1998 ዓ. ም. ከፈተችው። ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓሣና ወፍም ተመልሰውበታል። ይሁን እንጂ የሚፈሰው ውኃ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በመኪና እየተሳበ የሚገባ ስለ ሆነ ወጪው ዓመት በዓመት ነው። የእኛ ወንዞች ምንጭ ገና በተራራው ላይ አለ። ምንጩን በአገር ዛፍ ብንጠብቀው ተራራው ራሱ ውኃውን ይሰጠናል፤ በዳርቻው ድንጋይ ብቻ ብንደረድር ግን ለዐይን ያማረ፤ ለወፍ ባዶ የሆነ ቦይ ይተርፈናል።

ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፍሳሹ ከመነሻው ይታገድ፤ በቆሻሻ ውኃ ዳር የተተከለ ችግኝ ወንዙን አያድነውምና። ሁለተኛ ገደሉ ተስተካክሎ በሣር፤ በቄጠማና በአኻያ ይያዝ። ሦስተኛ ዶቅማው፤ ሾላው፤ ወይራውና ጽዱ በየተስማሚ ቦታቸው ይተከሉ፤ ከተተከሉም በኋላ ለዓመታት ይጠበቁ፤ የአገር ዛፍ ዝግተኛ ነውና። ጋጋኖ በዳርቻው ሲለቅም፤ ሶረንም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ስናይ ያን ጊዜ ወንዙ መዳኑን ወፎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው አለ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እየለቀሙ ከባድ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሸክሙን ትተው በማኅበር በሽመና ሥራ መተዳደር ጀምረዋል። በወንዝ አፋፍ የኖሩ ቤተ ሰቦችም አሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚወስደው የእነርሱን ቤት ነው፤ ልማት ሲመጣም ቀድመው የሚነሡት እነርሱ ናቸው። ወፍ መኖሪያ ስታገኝ ድኻ መኖሪያ የሚያጣ ከሆነ ሥራው ጎደሎ ይሆናል። የ1905ቱ ዐዋጅ ያልተፈጸመው ይህ ስለ ተዘነጋ ነው፤ ተነሺው ቤትና እንጀራ አግኝቶ፤ ችግኙን የሚጠብቀውም እርሱ ራሱ ደመወዝ እየተከፈለው ቢሆን ግን ዛፉም ጠባቂ፤ ሰውም ሥራ ያገኛል።

እኛ የዘንድሮ ተፈታኞች ከዚህ ትምህርት ቤት ስንሰናበት የምንቀመጥበትን የጽድ ጥላ አናገኝም፤ ጽድ ለተካዩ ሳይሆን ለልጅ ልጁ ነውና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፤ በከተማችን ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ በአቅራቢያው ከሚያልፈው ወንዝ መቶ እርምጃ ብቻ ተረክቦ፤ የአገሩን ዛፍ ተክሎ፤ ከክፍል ወደ ክፍል እያስረከበ ቢጠብቀው ለማንም ሸክም አይሆንም። ከኛ ቀጥላችሁ የምትመጡ ታናናሾቻችን፤ ይህን አደራ ተቀብላችሁ ከግቡ እንድታደርሱት እየተመኘን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን።