የስፔኑ እስረኛ ዛሬም ይጽፍልናል

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ያዙና አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኢንተርኔት ማጭበርበር ከስልክ ጋር አብሮ የመጣ በሽታ ይመስለናል። ስለዚህ መድኃኒቱንም ከስልኩ እንፈልጋለን። «ፓስወርድህን ቀይር፣ የማታውቀውን ሊንክ አትንካ» እንባባላለን። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ስልክም ኤሌክትሪክም ሳይኖር ሰዎች በዚሁ መንገድ ሲታለሉ ኖረዋል። ታሪኩን ያወቀ ሰው መልእክቱ በፌስቡክም ይምጣ በቴሌግራም፣ ዱካውን ይለየዋል።

ከፓሪስ እንጀምር። ቪዶክ የሚባል ሰው ነበር። በወጣትነቱ እስረኛ፣ በኋላ ደግሞ የፓሪስ የወንጀል ፖሊስ አለቃ ሆነ። ከ1828 ጀምሮ በታተመው የሕይወት ትዝታው ውስጥ፣ የቢሴትር እስር ቤት ታራሚዎች «የኢየሩሳሌም ደብዳቤ» ስለሚሉት ነገር ይነግረናል። የደብዳቤው ይዘት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እኔ የአንድ መኳንንት አሽከር ነበርኩ። በአብዮቱ ጊዜ ስንሸሽ ወርቅና አልማዝ የሞላበትን ሣጥን እናንተ አገር አጠገብ ጥለነው አለፍን። አሁን ልፈልገው ስመለስ ታሰርኩ። ቦታውን የሚያሳየው ካርታ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ሻንጣዬ ደግሞ በዕዳ ተይዟል። ጥቂት ገንዘብ ብትልኩልኝ ሀብቱን እንካፈላለን።

ደብዳቤው ዝም ብሎ አይበተንም። ከየአውራጃው አዲስ የሚገቡ እስረኞች የሀብታሞቹን ስምና አድራሻ ይነግሯቸው ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ፕሮፋይላችን ላይ የምንለጥፈው ፎቶና ስም ይሠራላቸዋል። ቪዶክ እንደሚለው ከ100 ደብዳቤ 20ው መልስ ያገኝ ነበር። አንድ የፓሪስ ጨርቅ ነጋዴማ አልማዝ ፍለጋ የድልድይ ሥር ሲቆፍር ተያዘ ተብሎ ይወራ እንደነበር ጽፏል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደብዳቤው አገር ቀየረ። ከስፔን ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይጎርፍ ጀመር፤ «የስፔኑ እስረኛ» የሚለውን ስም ያገኘውም በዚህ ነው። ጸሐፊው አሁን ያለጥፋቱ የታሰረ የተከበረ ሰው ነው። ሻንጣውና የተደበቀው ሀብት እንዳሉ ናቸው። አንድ አዲስ ነገር ግን ተጨመረ፦ ጠባቂ የሌላት ወጣት ልጅ። «እኔ መሞቴ ነው፤ ልጄን አደራ» ይላል። ተቀባዩ ሲከፍል ሌላ ክፍያ ይመጣል። «ለማንም እንዳትናገር፣ ሕይወቴ አደጋ ላይ ነው» የሚል ማሳሰቢያም አይቀርም። በ1898 የኒው ዮርክ ጋዜጣ «ያ አሮጌ ማታለል ተመለሰ» ብሎ አንባቢውን ሲያስጠነቅቅ፣ ዘዴው በዚያን ጊዜም አሮጌ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ጊዜ «የሚታለለው ስስታም ነው» እንላለን። የስፔኑ ደብዳቤ ግን የነካው ርኅራኄን ነው። ሰውዬው ገንዘቡን ሲልክ ደግ ሥራ የሠራ ነው የሚመስለው። የፍቅር ማጭበርበር የተወለደው ከዚህ ነው።

የተዋሱት ስም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ደግሞ እኛን የሚነካ አንድ ታሪክ ያሳየናል። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910 (በእኛ ጥር 30 ቀን 1902) የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኩራት ለነበረው ድሬድኖት የጦር መርከብ ቴሌግራም ደረሰ። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከ የሚመስል ነው፤ የአቢሲኒያ ልዑላን መርከቡን ሊጎበኙ እየመጡ ነው ይላል። ከዓድዋ ድል 14 ዓመት በኋላ ነውና የአገራችን ስም ክብደት ነበረው። የመጡት ግን ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ፣ ጺም የለጠፉና ጥምጥም ያሰሩ የለንደን ወጣቶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነችው ቨርጂኒያ ዉልፍ ነበረች። መርከበኞቹ የኢትዮጵያን ባንዲራ ስላላገኙ የዛንዚባርን ሰቀሉ። «አስተርጓሚው» የተሰባበረ ላቲንና ግሪክ እየቀላቀለ ሲያወራ መኮንኖቹ አክብረው አስጎበኟቸው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ይሄ ነው።

ያ ቀልድ ነበር፣ ገንዘብም አልተወሰደበትም። ግን የሠራበትን ምክንያት እዩት። መልእክቱ ከባለሥልጣን የመጣ መሰለ፤ ጊዜ አልሰጠም፤ እንግዳን «እውነት አንተ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ሆነ። ዛሬ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩን» የሚለን ሰው የያዘው ያንኑ ቴሌግራም ነው።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ማጓጓዣው ነው። በ1980ዎቹ ከናይጄሪያ በፖስታና በፋክስ፣ ቀጥሎም በኢሜይል መጣ። ከአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ተወስዶ «419» ተባለ። ቀጥሎ ፌስቡክና የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያዎች መጡ። በአሜሪካ ብቻ በ2022 ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም ተታለልን ብለው ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ አመልክተዋል። ያጡት ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። በኢንቦክስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው፦ «ውጭ አገር ያለ ኢንጂነር ስጦታ ልኮልኝ ጉምሩክ ያዘው፣ ክፈዪ እየተባልኩ ነው።» ሁለተኛው፦ «ታይላንድ ውስጥ በጥሩ ደመወዝ የኮምፒውተር ሥራ ተገኘልኝ፣ ትኬቱንም እነሱ ይችላሉ።» የመጀመሪያው የስፔኑ ሻንጣ መሆኑን አሁን ለይታችሁታል። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ጋር በጀርባ በር ይገናኛል።

ከታይላንድ ድንበር ማዶ፣ በምያንማር ማያዋዲ አካባቢ፣ በአጥርና በታጣቂ የሚጠበቁ ግቢዎች አሉ። ለሥራ ብለው የሄዱ ወጣቶች እዚያ ፓስፖርታቸውን ይነጠቃሉ። ከዚያ በሐሰት ፎቶና ስም ቀን ከሌት የፍቅር መልእክት እንዲጽፉ ይገደዳሉ። ያጠመዱትን ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሐሰተኛ የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት ይወስዱታል። ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ 100,000 ያህል ሰዎች በዚህ ሥራ ተገድደው ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከነዚህ ግቢዎች 260 ሰዎች ወጥተው ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ሲሰጡ፣ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የኛው ልጆች።

የስፔኑ አጭበርባሪ ነጻ ሰው ሆኖ «እስረኛ ነኝ» ይል ነበር። የዛሬው ጸሐፊ በእውነት እስረኛ ሆኖ «ነጻ ነኝ፣ ሀብታም ነኝ፣ እወድሻለሁ» እንዲል ይገደዳል። አንዱ ማታለያ ጸሐፊውን ያጠምዳል፣ ሌላው አንባቢውን። በመካከል የሚከብሩት ሌሎች ናቸው።

እንግዲህ ከ200 ዓመቱ ታሪክ አራት ነገር ያዙ። ለመቀበል አስቀድመህ ክፈል ከተባልክ፣ የምትቀበለው ነገር የለም። ለማንም አትንገር ከተባልክ፣ ያኔውኑ ለሚያምኑት ሰው መንገር ነው። አሁኑኑ ካልክ አምልጦሃል ከተባልክ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን አስታውስ። አራተኛው፣ መልእክቱ በመጣበት መንገድ አታጣራ። ጓደኛህ በቴሌግራም ብር ከጠየቀህ ደውለህ ድምፁን ስማ፤ አካውንቱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ባንክ ነን ካሉህ ስልኩን ዘግተህ ራስህ በምታውቀው ቁጥር ደውል። የሚስጥር ቁጥርህን ለማንም፣ ለማንም አትስጥ። የውጭ አገር ሥራ ከሆነም ከመነሳትህ በፊት ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደህ ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ጠይቅ።

ገንዘቡ ከሄደስ? መላኩን እዚያው ማቆም፣ ወዲያው ባንኩን ወይም ቴሌብርን ማሳወቅ፣ መልእክቶቹን ሳያጠፉ ይዞ ፖሊስ ጋ መሄድ። «ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ ትንሽ ክፈዪኝ» የሚል ሰው ብቅ ይላል፤ እሱ ያው ሻንጣ ሁለተኛ ሲመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችንም። ደብዳቤው ይህን ያህል ዘመን የኖረው በሞኞች ብዛት ብቻ አይደለም። የተታለለው ሰው አፍሮ ዝም ስለሚል ቀጣዩ ሰው ሳይሰማ ይገባበታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ እናትህ፣ እህትሽ፣ ጎረቤታችሁ «እንዲህ ሆንኩ» ብላ ስትነግራችሁ «እንዴት ይሄን ታምኚያለሽ!» አትበሏት። አንድ ሰው እንዲህ ካላት፣ ሁለተኛ ለማንም አትናገርም። ቁጭ ብላችሁ ስሟት።

ፌስቡክ ለማያነቡት ወላጆቻችሁ ደግሞ እናንተ አንብቡላቸው። መልካም ሰንበት።