ድንክዬው ደንገል፤ በረንዳ ላይ ረግረግ የሚሻው ተክል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ “ፓፒረስ” የተባለ ተክል ገዝቼ ወደ ቤቴ ወሰድኩ፡፡ ቁመቱ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም፡፡ በቀጫጭን አረንጓዴ አገዳዎቹ ጫፍ ላይ እንደ ርችት የተበተነ፣ ፀጉር የመሰለ ዘለላ አለው፡፡ ሻጩን እንዴት እንደምንከባከበው ብጠይቀው፣ “ጋሼ፣ እንደማንኛውም አበባ ነው፡፡ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ ይበቃዋል፤ ካበዙበት ሥሩ ይበሰብሳል” አለኝ፡፡ ምክሩን ሳላዛንፍ ተከተልኩ፡፡ በወሩ የዘለላው ጫፍ ቡናማ ሆነ፡፡ በሁለተኛው ወር አገዳው በሙሉ ገለባ ሆኖ አገኘሁት፡፡

የጥፋቱ ምክንያት የገባኝ ቆይቶ ባሕር ዳር በሄድኩበት ጊዜ ነው፡፡ ጣና ዳር አንድ አዛውንት ታንኳ ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ ነበር፡፡ ከደረቀው ደንገል አንዱን አንስተው በጣታቸው ጫን አሉትና፣ “ልጄ፣ ይኼ እኮ ውስጡ አየር ነው፤ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው” አሉኝ፡፡ እኔም ያን ጊዜ በረንዳዬ ላይ የሞተው ተክል ትዝ አለኝ፡፡ አገዳው በአየር የተሞላው ያለምክንያት አይደለም፡፡ ሥሩ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ስለሚኖር፣ ኦክስጅን ከላይ ወደ ታች የሚወርድለት በዚህ ስፖንጅ መሰል አካል በኩል ነው፡፡ ብዙ የቤት ውስጥ አበቦች ሥራቸው ውኃ ውስጥ ሲቆም የሚበሰብሰው ይህን ያህል የአየር መተላለፊያ ስለሌላቸው ነው፡፡ ደንገል ግን ለዚሁ የተፈጠረ ነው፡፡ ከዚህ በታች የማቀርባቸው የአያያዝ መመሪያዎች በሙሉ ከዚህ አንድ እውነት የሚነሱ ናቸው፡፡

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ተንሳፋፊነቱ የጣና ደንገል እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ደርሷል፡፡ ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ እንደሚቻል ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. “ራ” የተባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና ሐይቅ በተወሰደ ደንገል ነበር፡፡ የመጀመሪያዋ ጀልባ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበታተነች፡፡ በ1970 የተሠራችው “ራ ሁለት” ግን ተሳካላት፡፡

የትኛው ነው?

ገበያ ላይ “ፓፒረስ” በሚል ስም የሚሸጡት ተክሎች ከአንድ በላይ በመሆናቸው ከመግዛት በፊት መለየቱ ይጠቅማል፡፡

የመጀመሪያው ዋናው ደንገል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው፡፡ የጥንት ግብፃውያን ወረቀት የሠሩበት፣ እኛም ታንኳ የምንሠራበት ይኸው ነው፡፡ ሲመቸው እስከ 4 እና 5 ሜትር ስለሚያድግ ለበረንዳ አይሆንም፡፡

ሁለተኛው በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች የሚታየውና ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ቅጠሎች እንደ ዣንጥላ የሚዘረጉለት ነው፡፡ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ጠንካራ ነው፤ ጥቂት ድርቀትም ይችላል፡፡

ሦስተኛው የዛሬው ርዕሳችን ድንክዬው ደንገል ነው፡፡ ሳይፐረስ ፕሮሊፈር ይባላል፡፡ አንዳንድ ሻጮች “ሳይፐረስ ሃስፓን” እያሉም ይሸጡታል፡፡ የትውልድ ቦታው የአፍሪካ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ክፍል ረግረጋማ ሥፍራዎች ነው፡፡ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ዘለላው ኳስ የመሰለና እኩል እኩል የተቆረጠ ፀጉር የሚያስታውስ ነው፡፡

ሦስቱም ለበዓል ከምንጎዘጉዛቸው የቄጠማ ዓይነቶች ጋር ዝምድና አላቸው፡፡ አገዳውን በሁለት ጣት ይዘው ቢያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን እንዳለው ይታወቅዎታል፡፡ የሣር አገዳ ግን ድቡልቡል ነው፡፡

መትከያውና አፈሩ

ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል፡፡ አንደኛው ከሥሩ ቀዳዳ ያለውና ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአበባ መትከያ ነው፡፡ ሁለተኛው ይህን የሚውጥ፣ ቀዳዳ የሌለው ሳፋ ወይም ባልዲ ነው፡፡ የተክሉ ግንድ ከአፈር በታች ወደ ጎን እየተሳበ ስለሚሄድ ከጥልቅ ዕቃ ይልቅ ሰፊ ዕቃ ይስማማዋል፡፡

አፈሩ ከበድ ያለ መሆን አለበት፡፡ እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ዋልካ እና ጥቂት በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው፡፡ ለአበባ ተብሎ የሚዘጋጀው ቀላል አፈር ውኃ ሲገባበት ይንሳፈፋል፡፡ ያልበሰለ ፍግ ፈጽሞ አይጨመርም፤ አየር በሌለበት ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ሽታው ጎረቤት ያስነሳል፡፡ ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ቢደረግበት አፈሩ አይታጠብም፡፡

ውኃው

ውኃው ከአፈሩ በላይ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢቆም ተክሉ ደስ ይለዋል፡፡ የጎደለውን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መሙላት ነው፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን አንዴ ከሞላ በኋላ የሚፈልገው የተነነውን መተካት ብቻ በመሆኑ፣ ለአንድ መትከያ በቀን ከአንድ ሊትር የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፡፡ አትክልት የታጠበበት ውኃ ጨውና ሳሙና ከሌለበት ያገለግላል፡፡ የክረምት ዝናብ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፡፡

ለጥቂት ቀናት ከቤት የሚርቁ ከሆነ ውጪኛውን ዕቃ እስከ አፍ ሞልተው፣ ተክሉን ከቀትር ፀሐይ ዘወር አድርገው ይሂዱ፡፡ ጨርሶ ከደረቀ ግን ይቅርታ አያውቅም፡፡

ስለ ትንኝ ዝም አይባልም

የቆመ ውኃ ሲባል ትንኝ መታሰብ አለበት፡፡ አዲስ አበባ ከፍታዋ ለወባ ባይመችም፣ ከፍታቸው ዝቅ ባሉ ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢያን ጉዳዩ ቀላል አይደለም፡፡ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በባልዲ ውኃ የምትራባው የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነው፡፡ በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነበር፡፡ ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ የቤት ዕቃ ውኃ ትወዳለች፡፡

መፍትሔው ሁለት ነው፡፡ አንደኛው በየአምስት ቀኑ ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ የዕቃውን ግድግዳ በብሩሽ መፈግፈግ ነው፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃልና ማፍሰሱ ብቻውን አይበቃም፡፡ ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ውጪኛውን ዕቃም መትከያውንም በጠጠር ሞልቶ ውኃው ሁልጊዜ ከጠጠሩ ፊት በታች እንዲሆን ማድረግ ነው፡፡ ሥሩ እንደራሰ ይኖራል፤ ለትንኝ ግን ክፍት ውኃ የለም፡፡ ክረምት ላይ ዝናቡ ውኃውን ከጠጠሩ በላይ እንዳያደርሰው፣ ከውጪኛው ዕቃ አፍ ዝቅ ብሎ አንድ የማፍሰሻ ቀዳዳ ማበጀት ያስፈልጋል፡፡ በቆላ ከተሞች የምትኖሩ ይህንንም ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ ተክሉ ቢቀርባችሁ ይሻላል፡፡

ብርሃንና ብርድ

በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይመረጣል፡፡ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ድንክዬ ደንገል አገዳው ይቀጥንና ይጎብጣል፡፡ ከጥላ ሥር የተገዛ ችግኝ ግን በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ ሲጋለጥ ስለሚቃጠል፣ በአሥር ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው፡፡

ዋናው ጠላቱ ብርድ ነው፡፡ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እድገቱ ያዘግማል፤ ውርጭ ደግሞ አገዳውን ይገድለዋል፡፡ አዲስ አበባ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዚህ በታች ስለሚወርድ፣ ተክሉን ቀን ፀሐይ ሲመታው ወደሚውል ግድግዳ ማስጠጋት ይረዳል፡፡ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ውርጫም ከተሞች ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው፡፡ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አዳማ ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ፡፡ ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ ቀጫጭኑን አገዳ ስለሚሰባብር ከጣሪያ ሥር ማድረጉ ብልህነት ነው፡፡

መግረዝና መመገብ

እያንዳንዱ አገዳ የራሱ ዕድሜ አለው፤ አርጅቶ ቡናማ መሆኑ በሽታ አይደለም፡፡ ቡናማውን አገዳ ከመሃል ሳይሆን ከአፈሩ አጠገብ ይቁረጡት፡፡ ከመሃል የተቆረጠ አገዳ ዳግም አያድግም፤ አዲሱ የሚወጣው ከሥር ነው፡፡ ብዙ አገዳ በአንድ ጊዜ ከጫፉ ቡናማ ከሆነ ግን ወይ ውኃ አንሶታል፣ ወይ በርዶታል፣ ወይ ውኃው ጨው አብዝቷል፡፡

በወር አንዴ በብዙ ውኃ የቀጠነ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይበቃዋል፡፡ ሲበዛ ተክሉን ሳይሆን አረንጓዴውን ሽበት ነው የምንመግበው፡፡ አየሩ ሲደርቅ ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባይ ከታየበት ጠዋት ላይ በውኃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል፡፡

ማባዛት

የድንክዬው ደንገል ደስታ እዚህ ላይ ነው፡፡ “ፕሮሊፈር” የሚለው ስሙ “ልጅ የሚያፈራ” ወይም ወላድ እንደማለት ነው፡፡ በተፈጥሮው አገዳው ጎንበስ ብሎ ዘለላው ውኃ ሲነካ፣ ከዘለላው እምብርት ትንንሽ ልጆች ይወጣሉ፡፡ እኛም ይህንኑ በብርጭቆ እንሠራዋለን፡፡

ጤነኛ ዘለላ ከአምስት ሴንቲ ሜትር አገዳ ጋር ይቁረጡ፡፡ የዘለላውን ፀጉር በግማሽ ያሳጥሩት፡፡ ከዚያም ዘለላውን ወደ ታች፣ አገዳውን ወደ ላይ አድርገው ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡት፡፡ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ፡፡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥርና አዲስ ቡቃያ ይታያል፡፡ ሥሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ወደ ርጥብ ጭቃ ማዛወር ነው፡፡ ልጆች ላሉት ቤት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፡፡

ሁለተኛው መንገድ መክፈል ነው፡፡ በየሁለት ዓመቱ መጋቢት አካባቢ ተክሉን ከመትከያው አውጥቶ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ከሦስት እስከ አምስት አገዳ እንዲኖረው አድርጎ በስለታም ቢላዋ መቁረጥ ነው፡፡

ትርፉን የት እናድርገው?

አንድ ተክል በሁለት ዓመት ውስጥ አሥር ሊሆን ይችላል፡፡ ያኔ ትርፉን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ፍሳሽ ቦይ የመወርወር ፈተና ይመጣል፡፡ እባካችሁ አታድርጉት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት የተማረኩ ሰዎች ለጌጥ እየወሰዱት ነው፡፡ ለወዳጅ ያልተሰጠ ትርፍ ደርቆ ወደ ኮምፖስት ይግባ፡፡

በተቃራኒውም፣ ለበረንዳ ብሎ ከሐይቅ ዳር ደንገል መንቀል አያዋጣም፡፡ የጣና ዳር ደንገል ለዓሣ መራቢያ፣ ለወፍ መጠለያ፣ ወደ ሐይቁ ለሚገባው ደለል ደግሞ ማጣሪያ ነው፡፡ በእርሻና በቆረጣ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ መጥቷል፡፡ ተነቅሎ አዲስ አበባ ቢመጣም፣ ለዚያ ግዙፍ ተክል በረንዳችን አይበቃውም፡፡

እኔ አሁን ሦስት መትከያ ድንክዬ ደንገል አለኝ፡፡ ሦስቱም ከአንድ ብርጭቆ የወጡ ናቸው፡፡ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር ሻጩ ከሰጠኝ ተቃራኒ ነው፤ ይህን ተክል እንደ አበባ አታጠጡት፤ ረግረጉን አምጡለት፡፡ መልካም አትክልተኝነት!