የቫሽቲ 35 ዓመታት

እንግሊዛዊቷ ቫሽቲ ባንያን በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፈረስ ጋሪ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ስትጓዝ የተወለዱት ዘፈኖች፣ በ1970 «ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ» ተብለው በሸክላ ወጡ። ሸክላው አልተሸጠም። እሷም ዘፈንን ትታ ሦስት ልጆች አሳደገች።

ድምፅዋን እናትነት ነጠቃት ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። አስቀድሞ የነጠቃት የገበያው ዝምታ ነበር። በባንክ ሥራዬ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ያጋጥመኛል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ገንዘቡ እዚያው አለ።

ሸክላው በ2000 እንደ ገና ታተመ፤ ወጣት ሙዚቀኞችም ወደዱት። በ2005 ሁለተኛ አልበሟን አወጣች፤ ስሙንም «ሉክአፍተሪንግ» አለችው፤ ሰውን መንከባከብ እንደ ማለት ነው። በ2014 የወጣውን «ሃርትሊፕ» ራሷ አዘጋጀችው፤ አብዛኛውንም በቤቷ ቀረጸችው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 69 ነበር።