እግር ያስቆርጣል የተባለው ማሰሪያ

ኢንተርን በነበርንበት በ1998 ዓ.ም ስለ ቱርኒኬት የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግር ያስቆርጣል። «የመጨረሻ አማራጭ ነው» ተብለን ተምረናል፤ ፈተና ላይም ይህንኑ ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ትዝ ይላችኋል?

በዚያው ዓመት አንድ ሌሊት፣ ጭኑን ቆርቆሮ የቆረጠው ወጣት ድንገተኛ ክፍል መጣ። እህቱ ከቁስሉ በላይ በነጠላዋ አስራዋለች። እኔ ፈታሁት። ጎዝ ደራርቤ በሁለት እጄ ተጫንኩት፤ ደሙ አልቆመም። ኦፕሬሽን ክፍል ሳይደርስ ሞተ። እህቱ «ዶክተር፣ ለምን ፈቱት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍርሃታችን ከየት መጣ? ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣን ሉዊ ፔቲ በ1718 እ.ኤ.አ በብሎን የሚጠብቅ ቱርኒኬት አስተዋወቀ፤ ጀርመናዊው ኤስማርክ ደግሞ በ1873 የጎማ ማሰሪያውን። ሁለቱም ለቀዶ ሕክምና ጠቀሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ቁስለኛ ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ ሰዓት ይፈጅበት ስለነበር፣ ታስሮ የቆየ እግር ይሞት ነበር። ብዙ ሐኪሞች ማሰሪያውን የጠሉት ያኔ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ መነሻ ነበረው፤ ችግሩ ማጓጓዣው ሲፈጥን ትምህርቱ እዚያው መቅረቱ ነው።

ነገሩን የለወጠው ልኬት ነው። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የቀዶ ሕክምና ምርምር ተቋም ማሰሪያዎቹን በፈቃደኞች ላይ ፈተነ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሰውየው ራሱ ክንዱን ወይም ጭኑን ያስራል፣ ከማሰሪያው በታች በዶፕለር የደሙ ድምፅ ይደመጣል። ድምፁ ከጠፋ ማሰሪያው አለፈ፤ ካልጠፋ ወደቀ። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ ታተመ፤ ሁሉም አላለፉም። ቀጭን ማሰሪያ ከሰፊው የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። የላላው ደግሞ ደም መላሹን ቬይን ዘግቶ ደም ወሳጁን አርተሪ ክፍት ስለሚተው መድማቱን ያብሳል።

በ2006 እ.ኤ.አ ባግዳድ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል 232 ቁስለኞች፣ 309 እጅና እግሮች፣ 428 ቱርኒኬቶች ተጠኑ። በቱርኒኬቱ ምክንያት ብቻ የተቆረጠ እግርም እጅም አልነበረም። ሾክ ውስጥ ሳይገቡ ከታሰረላቸው 90 በመቶው ተረፉ፤ ከገቡ በኋላ ከታሰረላቸው ግን 10 በመቶው ብቻ። እኔ ነጠላውን በፈታሁበት ሰሞን ማለት ነው።

ነጠላው ልል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ትክክሉ መፍታት ሳይሆን ከላይ ሌላ ጨምሮ ማጥበቅ ነበር። ለእውነቱ ከእኔ ይልቅ እህቱ ትቀርብ ነበር።

ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ዶፕለር አይጠፋም፤ ተማሪዎችም ጭን አላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ ይሰሩና ድምፁ ሲጠፋ በጆሯቸው ይስሙ። ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት፣ ምን ያህልም እንደሚያም ያኔ ያውቃሉ። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ይሰሩ፤ የታሰረበትን ሰዓት ይጻፉ፤ 2 ሰዓት ሳይሞላው ቀዶ ሐኪም ጋ ያድርሱ።

ደም እየፈሰሰ «የመጨረሻ አማራጭ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግን፣ እባካችሁ፣ ከእንግዲህ ነጥብ አያግኝ።