በጉዲፈቻ ያደገን ልጅ ወደ ቀድሞ የሕፃናት ማሳደጊያው ለጉብኝት መውሰድ፦ የጤናና የሥነ ልቦና ዝግጅት

ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሄዱትም ብዙ ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻን ስለከለከለ፣ በዚህ መንገድ የሄዱት ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወይም ከዚያ ያለፉ ናቸው። ብዙዎቹ የተገኙበትን ቦታ፣ ያሳደጓቸውን ሞግዚቶችና የተኙበትን ክፍል ማየት ይፈልጋሉ።

ይህ ጽሑፍ ልጃቸውን ይዘው ለሚጓዙ አሳዳጊ ወላጆችና ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚቀበሏቸው ዘመዶች የተዘጋጀ ነው። በዝግጅት ወቅት በጣም የሚያሳስተው ሐሳብ «የተወለደበት አገር ስለሆነ ይስማማዋል» የሚለው ነው። ልጁ ኢትዮጵያ ውስጥ መወለዱ ከወባም ሆነ ከተበከለ ውኃ አይጠብቀውም። ማሳደጊያው የልጅነት ቤቱ መሆኑም ጉብኝቱን ቀላል አያደርገውም። ሰውነቱም አእምሮውም አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።

በአጭሩ

• ከጉዞው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪም ያማክሩ። የሥነ ልቦና ዝግጅቱን ግን ከወራት በፊት ይጀምሩ።
• ለልጁ «አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን» ብለው ደጋግመው ይንገሩት፤ የመመለሻ ትኬቱንም ያሳዩት።
• ወደ ማሳደጊያው ከመሄድዎ በፊት ቦታው አሁንም መኖሩን ያረጋግጡ።
• ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ኢትዮጵያ እንደነበረም ይናገሩ።

ልጁ ምን ሊሰማው ይችላል?

የልጆች ስሜት እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ትዝታቸው ይለያያል።

ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ዋና ፍርሃታቸው «እዚያ ትተውኝ ይሄዱ ይሆን?» የሚል ነው። ይህን በቃል ላይናገሩት ይችላሉ። ከወላጅ አለመለየት፣ ብቻ ለመተኛት እምቢ ማለት፣ ካቆሙ በኋላ እንደገና በእንቅልፍ ልባቸው መሽናት የፍርሃቱ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ጉዲፈቻ ማለት አንድ ቤተሰብ ማግኘት ብቻ ሳይሆን ሌላ ቤተሰብ ማጣትም እንደሆነ መረዳት ይጀምራሉ። «ለምን ሰጡኝ? ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ምንም አላጠፋህም፤ ውሳኔው የትልልቅ ሰዎች ነበር» የሚል ግልጽ መልስ ያስፈልጋቸዋል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ማንነታቸውን ይፈልጋሉ። ቆዳቸው ከአካባቢው ሰው ጋር አንድ ሆኖ ቋንቋውን አለመቻላቸው ያሳፍራቸው ይሆናል። አንዳንዶቹ በማሳደጊያው ከቀሩት ልጆች ይልቅ ለእነሱ ዕድል በመድረሱ የጥፋተኝነት ስሜት ይሰማቸዋል። ደስታ፣ ሐዘንና ቁጣ በአንድ ቀን ሊፈራረቁ ይችላሉ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ምንም ስሜት አያሳይም። ይህም ከተለመዱት ምላሾች አንዱ ነው፤ «ለምን አታለቅስም?» ተብሎ መጠየቅ የለበትም።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ለሁሉም ልጅ የሚሆን ትክክለኛ ዕድሜ የለም። ጥያቄው ከልጁ ራሱ ሲመጣ፣ ስለ ታሪኩ ቤት ውስጥ በግልጽ መነጋገር ከተለመደ በኋላና ሕይወቱ በተረጋጋበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በቅርቡ ሐዘን፣ የወላጆች ፍቺ ወይም የትምህርት ቤት ለውጥ ካጋጠመው ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል። ልጁ የድብርት፣ የከባድ ጭንቀት ወይም ራስን የመጉዳት ታሪክ ካለው፣ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ከሚከታተለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

ልጁ በመጨረሻው ቀንም ቢሆን «አልገባም» የማለት መብት እንዳለው ይወቅ። ከበሩ ደርሶ መመለስ ጉዞውን ከንቱ አያደርገውም።

ቦታውንና መረጃውን ማጣራት

ከእገዳው በኋላ ብዙ የግል ማሳደጊያዎች ተዘግተዋል፣ ቦታ ቀይረዋል ወይም ሥራቸውን ለውጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ክበበ ፀሐይ፣ ቀጨኔና ኮልፌ ያሉ የመንግሥት ማሳደጊያዎችን ለመጎብኘት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕንፃው ፈርሶ ወይም ሌላ ሰው ገብቶበት ከሆነ ልጁ ይህን አዲስ አበባ ሳይሆን ቤቱ እያለ ቢሰማ ይሻላል። ያኔም ቢሆን አካባቢውን ማየትና ቀድሞ ይሠሩ ከነበሩ ሞግዚቶች አንዷን ማግኘት ትልቅ ዋጋ አለው።

በጉዲፈቻ ሰነዶች ላይ ያለው መረጃ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ወላጆቹ እንደሞቱ የተጻፈለት ልጅ በሕይወት ያለች እናት ሊያገኝ ይችላል። የተመዘገበው የልደት ቀንም በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁን «ከጠበቅነው የተለየ ነገር ልንሰማ እንችላለን» ብለው ያዘጋጁት። የወላጅ ቤተሰብ ፍለጋ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ከማሳደጊያው ጉብኝት ጋር በአንድ ቀን አያጣምሩት። ዘመድ ነኝ የሚል ሰው ከመጣ፣ ዝምድናው በዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ለልጁ እንደተረጋገጠ አድርገው አይንገሩት።

አስተርጓሚም ያስቡበት። ብዙ ልጆች ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የሄዱ በመሆናቸው የቤተሰባቸው ቋንቋ አማርኛ ላይሆን ይችላል። አስተርጓሚው የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያስተላልፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ቢሆን ይመረጣል።

የአካል ጤና ዝግጅት

ክትባት። የልጁ መደበኛ ክትባቶች፣ በተለይ የኩፍኝና የፖሊዮ፣ የተሟሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከማሳደጊያው የመጣው የክትባት ካርድ ያልተሟላ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ሐኪሙ በደም ምርመራ ማጣራት ወይም ክትባቱን መድገም ይችላል። ለጉዞው የሄፓታይተስ ኤ እና የታይፎይድ ክትባት ይመከራል። እንደ ሁኔታው የማጅራት ገትርና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ሊታከል ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል የሚመከር ሲሆን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት። የበሽታ መከላከል አቅሙ ለተዳከመ ልጅ ግን ላይስማማ ስለሚችል ሐኪም ይወስናል።

ወባ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ወባ አያሰጋትም። ከ2,500 ሜትር በታች ወደሆኑ ሌሎች አካባቢዎች የሚሄድ ተጓዥ ግን የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ወባ ባለበት አካባቢ በመኖር የሚገኘው ከፊል መከላከያ አካባቢውን ለቀው ሲኖሩ ይዳከማል። በመሆኑም በውጭ አገር ያደገ ልጅ እንደማንኛውም እንግዳ ይጋለጣል። ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል፦

• አቶቫኮን-ፕሮጓኒል፦ ከመድረስዎ ከ1 እስከ 2 ቀን በፊት ተጀምሮ፣ አካባቢውን ከለቀቁ በኋላ ለ7 ቀን ይቀጥላል።
• ዶክሲሳይክሊን፦ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይሰጥም። ከለቀቁ በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል።
• ሜፍሎኩይን፦ ጭንቀት፣ ቅዠትና የስሜት መለዋወጥ ሊያስከትል ይችላል። የአእምሮ ሕመም ታሪክ ላለው ልጅ አይሰጥም። ይህን በመሰለ ጉዞ ላይ የመድኃኒቱን ጉዳት ከልጁ ስሜት መለየት ስለሚያስቸግር፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

መድኃኒት ቢወስድም በአጎበር ውስጥ መተኛትና ማታ እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስ አይቀርም።

ምግብና ውኃ። የታሸገ ወይም የፈላ ውኃ ብቻ ይጠጣ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብ፣ በቧንቧ ውኃ የታጠበ ሰላጣ ይቅርበት። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል፣ ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስና ቲቢ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ትኩስ ወጥ፣ እንጀራ፣ ሽሮና ተልጦ የሚበላ ፍራፍሬ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። ተቅማጥ ቢይዘው በየፋርማሲው የሚገኘውን ኦአርኤስ (ለምለም) በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ያጠጡት።

ውሻ። የመንገድ ውሾችን እንዳይነካ አስቀድመው ይንገሩት። ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይዘግዩ።

የዘወትር መድኃኒት። ልጁ ለአስም፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለኤች አይ ቪ ወይም ለሌላ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ከጉዞው ቀናት የሚተርፍ መጠን ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የልጁ የጤና ሁኔታ ምስጢሩ ነው፤ ለማሳደጊያው ሠራተኞችም ሆነ ለዘመድ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።

በጉብኝቱ ዕለት

ከፍታውና የበረራ ድካሙ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ በደረሱ ማግሥት ወደ ማሳደጊያው አይሂዱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይረፉ። ጉብኝቱ አጭር ይሁን፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃል። «ውጣ» ማለት የሚያሳፍረው ልጅ እንዳይጨነቅ በሁለታችሁ መካከል የምትግባቡበት ምልክት ይኑር፤ ለምሳሌ እጅዎን ሁለት ጊዜ ቢጨብጥ «ይበቃኛል» ማለት ይሁን። በዚያው ቀን ሌላ ፕሮግራም አይያዙ።

ጉንፋን ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ ማሳደጊያው አይግባ፤ እዚያ ያሉት ሕፃናት በቀላሉ ይታመማሉ። እንደ እከክ፣ ቅማልና ጭርት ያሉ ንክኪን ተከትለው የሚተላለፉ ሕመሞችም ስለሚኖሩ ከጉብኝቱ በኋላ እጅ መታጠብና ልብስ መቀየር ጥሩ ነው። የልጆቹን ፎቶ ያለ ፈቃድ አያንሱ። ስጦታ ካለ በልጅዎ እጅ ለእያንዳንዱ ልጅ ከማደል ይልቅ ለተቋሙ ኃላፊ ይስጡ። ልጅዎ በእኩዮቹ ፊት ሰጪ ሆኖ መቆሙ ሊከብደው ይችላል።

ሊጠየቅ የሚገባው የጤና መረጃ

ጉብኝቱ የልጁን የጤና ታሪክ ለመሙላትም ጥሩ አጋጣሚ ነው። መዝገብ ካለ የሚከተሉትን በትሕትና ይጠይቁ፦

• ሲገባ የነበረው ግምታዊ ዕድሜና ክብደት፣ እንዲሁም የክትባት ካርዱ
• ያጋጠመው ከባድ ሕመም ወይም የሆስፒታል ቆይታ
• በቲቢ ከታመመ ሰው ጋር አብሮ ኖሮ እንደሆነ
• በወላጅ ቤተሰቡ የሚታወቅ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የአእምሮ ሕመም

መረጃው ባይገኝ እንኳ «ሌሊት ታለቅስ ነበር፤ ዘፈን ስንዘፍንልህ ትተኛለህ» የሚል የአንዲት ሞግዚት ትዝታ ለልጁ ከሰነድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ፈቅዳ ከሆነ ቃሏን በድምፅ ይቅረጹት።

ለሚቀበሉ ዘመዶችና ወዳጆች

• ስለ ወላጅ እናቱ «ጣለችህ» የሚል ቃል አይውጣችሁ። «ዕድለኛ ነህ» ማለትም ሐዘኑን እንዲደብቅ ያደርገዋል።
• በድንገት አቅፎ ማልቀስ ሊያስደነግጠው ይችላል። ሰላምታውን እሱ ይጀምር።
• ጉርሻ ወይም ምግብ እምቢ ቢል እንደ ንቀት አትቁጠሩት።
• የገንዘብ ችግርን ለልጁ አትንገሩት። እንዲህ ያለ ጉዳይ በትልልቅ ሰዎች መካከል ይለቅ።

ከተመለሱ በኋላ

ለጥቂት ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ዝምታ ወይም ከወላጅ አለመለየት ሊታይ ይችላል። የዘወትር የመኝታና የትምህርት ሰዓቱን ይመልሱለት። ፎቶዎቹን አብራችሁ ተመልከቱ፤ እንዲያወራ ግን አያስገድዱት። እርስዎም ብዙ ስሜት ይዘው ስለሚመለሱ የሚያዋዩት ሰው ይፈልጉ፤ ልጁ የእርስዎ አጽናኝ መሆን የለበትም። የቲቢ ታማሚ ጋር ቅርብ ንክኪ ከነበረው፣ ከተመለሰ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በኋላ የቲቢ ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ወዲያውኑ፦

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት ሲኖር። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወባ መመርመር አለበት። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ግን ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል፣ በዓመቱ ውስጥ ትኩሳት በታየ ቁጥር ስለ ጉዞው ይናገሩ።
• ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ውኃ መያዝ የማይችል ትውከት ሲኖር
• ልጁ ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ሲናገር። ብቻውን አይተዉት፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

በቀጠሮ፦

• የእንቅልፍ፣ የባሕርይ ወይም የትምህርት ችግሩ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ
• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ወይም የክብደት መቀነስ ካለ
• የሚያሳክክ ሽፍታ በተለይ ሌሊት ከበረታ